ቁጠባን ችግር ከገጠመው ተቋም ወደ ሌላ ማዛወር

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

በሥልጠና ስንገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም፣ በመስመር ስለ መዝራትና ስለ ድኅረ ምርት ብክነት ነው። የዛሬው ትምህርት ስለ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው። ጉዳዩ ከግብርና የወጣ እንዳይመስላችሁ። በጥርና በየካቲት እህል ሸጣችሁ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ በግንቦትና በሰኔ ዘርና ማዳበሪያ ይሆናል። ገንዘቡ በሚፈለግበት ሳምንት ካልወጣ የተማርነው ፓኬጅ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ዝናቡም ሰብሉም የገንዘብ ያዡን ቀጠሮ አይጠብቁም።

ለክትትል በየቀበሌው ስንዞር ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፦ «ማኅበራችን ገንዘባችንን ቶሎ አልሰጥ ብሏል፤ አውጥተን ወደ ሌላ እንውሰደው ወይ?» ይህን ጥያቄ አውጡ ወይም ተዉት ብሎ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። መጀመሪያ ተቋሙ በእርግጥ ታሟል ወይስ ወቅቱ ከብዶት ነው የሚለው መለየት አለበት። ታሞ ከሆነም ገንዘቡ የሚወጣበት ቅደም ተከተል አለ። ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ሰው ገንዘቡን ላወጣ ብሎ ሄዶ መብቱን ጥሎ ሊመለስ ይችላል። ከዚህም ሌላ እናንተ ሞዴል አርሶ አደሮች ስለሆናችሁ የእናንተ መውጣት በጎረቤቶቻችሁ ገንዘብ ላይ የሚያመጣው ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም እናያለን፤ በሦስተኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንወስዳለን።

ገንዘባችሁ ያለው የት ነው?

በገጠር ገንዘብ የምናስቀምጥባቸው ሕጋዊ ተቋማት ባንክ፣ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም እና የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ናቸው። ሦስቱም ደብተር ይሰጣሉ፣ ሦስቱም ማኅተም አላቸው፣ ሦስቱም ያበድራሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ችግር በመጣ ቀን ግን አንድ አይደሉም።

ባንክና ማይክሮ ፋይናንስ ፈቃድ የሚያገኙትና የሚቆጣጠራቸው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል። አባል የሆነ ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ቢወድቅ ፈንዱ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ እንዲከፍል ነው የተደነገገው። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ የተቋሙ ንብረት ተጣርቶ በሚገኘው መጠን የሚታይ ነው።

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን የሚመራው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። የሚመዘግበው፣ ኦዲት የሚያደርገውና የሚደግፈው የኅብረት ሥራ ዘርፍ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለእኛ ቅርቡ የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነው። ከላይ የተባለው የመድን ፈንድ የማኅበርን ቁጠባ አይሸፍንም። ይህን የምንናገረው ማኅበርን ለማጣጣል አይደለም። ባንክ ቅርንጫፍ በማይከፍትበት ቀበሌ ቁጠባን ያስተማረን፣ ያለ ቤትና ያለ መኪና ማስያዣ ያበደረን ማኅበር ነው። ነገር ግን የማኅበሩ ጠባቂ አባሉ ራሱ ስለሆነ፣ አባሉ ካላየ ሌላ የሚያይለት ሩቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናክል። የተቋም ስም መቀየር ሕመም አይደለም። በክልላችን አብቁተ ስንለው የኖርነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ ሲሆን፣ በኦሮሚያም የብድርና ቁጠባው ተቋም ስንቄ ባንክ ሲሆን «የድሮው ደብተር ተቃጠለ» የሚል ወሬ በየገበያው ይወራ ነበር። ተቋም ስሙንና ደረጃውን ሲለውጥ ዕዳውም ተቀማጩም አብሮ ይሻገራል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ በአዲሱ ስም ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ታሟል ወይስ ክረምት ከብዶት ነው?

ማኅበር የአባላቱን ቁጠባ በሣጥን ቆልፎ አያስቀምጥም፤ ያበድረዋል። ወለድ የሚከፍላችሁም ከዚያ ነው። አባሉ ደግሞ የሚቆጥበውም የሚያወጣውም በአንድ ወቅት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት እህል ይሸጣል፣ ብድር ይመለሳል፣ ሣጥኑ ይሞላል። ከዚያ ለፋሲካ የሚደልብ በሬና በግ መግዣ ብድር ይወጣል፣ ቀጥሎ ማዳበሪያ ይመጣል፣ ክረምቱ ሲገፋ የቀለብ ችግር ይከተላል፣ በመስከረም የተማሪ ደብተርና ልብስ አለ። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ገንዘብ ያዡ «ለሁለት ሳምንት ታገሱ» ቢላችሁ ማኅበሩ ወደቀ ማለት አይደለም። የማውጫ ወቅትን አስቀድሞ አላቀደም ማለት ነው፤ ይህ ጉድለት ነው፣ ግን በአንድ ስብሰባ የሚታረም ጉድለት ነው። ያንኑ መልስ በየካቲት፣ አባሉ ሁሉ እህል ሸጦ ብድር በሚመልስበት ወር ከሰማችሁ ግን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት የምንመክረው ምልክት ኦዲት ነው። የማኅበሩ ሒሳብ በየዓመቱ መመርመርና ውጤቱም ለጠቅላላ ጉባኤ መነበብ አለበት። ሁለት ዓመት ያልተመረመረ ማኅበር ትርፍ አለኝ ቢል ትርፉን ማንም አያውቀውም። ሁለተኛው ምልክት በእጃችሁ ያለው ደብተር ከማኅበሩ መዝገብ ጋር አለመስማማቱ ነው። ሦስተኛው ገንዘብ ስታስገቡ «ደረሰኝ አልቋል፣ ደብተሩ ላይ ልጻፍልህ» መባል ነው። ደረሰኝ ያላለቀበት ማኅበር ደረሰኝ የሚያልቅበትን ቀን አስቀድሞ ያውቃል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታየው የብድር ዝርዝሩ ነው። ውዝፍ ብድር በየትኛውም ማኅበር አለ፤ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይሞታል። የሚያስፈራው ውዝፉ የማን እንደሆነ ሲታይ ነው። ትላልቆቹ ያልተመለሱ ብድሮች የሥራ አመራር ኮሚቴው አባላትና የዘመዶቻቸው ከሆኑ፣ አስመላሹም ተበዳሪውም አንድ ሰው ነውና ገንዘቡ በራሱ ጊዜ አይመለስም። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ጸሐፊው አንድ ሰው ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ ስሕተቱን የሚያይለት የለም።

አንድ ምልክት ደግሞ መልካም ዜና መስሎ ይመጣል። ከአካባቢው ሁሉ የበለጠ ወለድ እንከፍላለን ብሎ አዲስ አስቀማጭ የሚያሳድድ ተቋም ካያችሁ፣ የድሮውን አስቀማጭ የሚከፍለው ከአዲሱ ሰው ገንዘብ እንዳይሆን ጠይቁ። ወለድ ከብድር ወለድ ነው የሚገኘው። ለአስቀማጩ 15 ከመቶ የሚከፍል ማኅበር ለተበዳሪው በስንት እንደሚያበድር ካልነገራችሁ ሒሳቡ አይገጥምም።

ከሰንበቴ ወይም ከቡና ላይ የተሰማ ወሬ፣ የጸሐፊው መልቀቅ፣ የቢሮው ለሦስት ቀን መዘጋት ብቻቸውን ምልክት አይደሉም። የመጠየቂያ ምክንያት ናቸው እንጂ የማውጫ ምክንያት አይደሉም።

በደብተሩ ያለው ገንዘብ አንድ ዓይነት አይደለም

አንድ አርሶ አደር «ማኅበር ውስጥ ይህን ያህል ብር አለኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ድምሩን ነው። ሊያዛውር ሲነሣ ግን ድምሩ ይበተናል። ዕጣ፣ መደበኛ ቁጠባ፣ የፈቃደኝነት ቁጠባ፣ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው።

ዕጣ የባለቤትነት ድርሻ ነው። ቁጠባ ማኅበሩ ለእናንተ ያለበት ዕዳ ነው። ይህ ልዩነት ማኅበሩ ደኅና ሳለ አይታወቅም፤ ቢፈርስ ግን ዕዳ ይቀድማል፣ ዕጣ ከተረፈው ላይ መጨረሻ ይከፈላል። ስለዚህ በማኅበሩ ላይ ጥርጣሬ እያላችሁ «የትርፍ ክፍፍል እንዲበዛልኝ» ብላችሁ ቁጠባችሁን ወደ ዕጣ አታዙሩ። ዕጣን ማስመለስ ወይም ለሌላ አባል ማስተላለፍ የሚቻለው የመተዳደሪያ ደንቡ በሚለው መንገድ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል።

መደበኛ ቁጠባ በየወሩ የምታስገቡት ግዴታ ነው። በብዙ ማኅበራት ደንብ ይህ ገንዘብ የሚወጣው አባልነት ሲቋረጥ ነው። የፈቃደኝነት ቁጠባ ግን በፈለጋችሁ ጊዜ የሚወጣ ነው፤ በመጀመሪያ ሊዛወር የሚችለውም እሱ ነው።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሒሳብ ይጠይቃል። ለምሳሌ 30,000 ብር ለአንድ ዓመት በ9 ከመቶ አስቀምጣችኋል እንበል። ዓመቱ ሲሞላ ወለዱ 2,700 ብር ነው። በአሥረኛው ወር ላይ ብታፈርሱት ደንቡ የሚሰጣችሁ የተራ ቁጠባ ወለድ፣ እንበል 5 ከመቶ ቢሆን፣ የአሥር ወሩ 1,250 ብር ይሆናል። ሁለት ወር ባለመጠበቃችሁ የምታጡት 1,450 ብር ነው። ማኅበሩ ክረምት የከበደው ብቻ ከሆነ ሁለት ወር ጠብቁ። ኦዲት የሌለው፣ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ብድሩ በኮሚቴው እጅ የቀረ ከሆነ ግን 1,450 ብር 30,000ውን ለማዳን የተከፈለ ዋጋ ነው፤ አትዘኑበት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተሰጡ ናቸው፤ ከራሳችሁ ደንብና ውል ላይ ያለውን ተኩባቸው።

ከሁሉ የሚረሳው ዋስትና ነው። ለጎረቤታችሁ ወይም ለወንድማችሁ ብድር ዋስ ሆናችሁ ከፈረማችሁ ቁጠባችሁ ለዚያ ብድር ተይዟል። የእናንተ የግል ብድር ባይኖርም ተበዳሪው ከፍሎ እስኪጨርስ ወይም ሌላ ዋስ እስኪተካ ገንዘቡ አይለቀቅም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሊያወጣ ሄዶ ነው፤ በደብተሩ ላይ 20,000 ብር ይነበባል፣ በእጁ ግን ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። ስለዚህ ከማንም በፊት ዋስ የሆናችሁለትን ሰው አነጋግሩ። ምን ያህል እንደቀረበት፣ መቼ እንደሚጨርስ፣ ሌላ ዋስ ሊያቀርብ ይችል እንደሆነ ጠይቁት።

የማዛወሩ ሥራ

መጀመሪያ የምትሄዱበትን ቤት በር ክፈቱ። አዲሱ ሒሳብ ሳይከፈት ከድሮው ያወጣ ሰው ገንዘቡን በቤቱ ያሳድራል፤ በቤት ያደረ ገንዘብ ደግሞ ለሌባም ለድግስም ቅርብ ነው። ሒሳብ ለመክፈት ስትሄዱ የፋይዳ መታወቂያችሁን ያዙ፤ ስማችሁ በድሮው ደብተርና በመታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት መጻፉንም አረጋግጡ። ደብተሩ ላይ በአባት ስም ብቻ፣ መታወቂያው ላይ እስከ አያት ከተጻፈ ወይም አንዱ የክርስትና ስም ሌላው የዓለም ስም ከያዘ፣ ገንዘቡ መሐል ላይ ይቆማል። ከቀበሌ ማስረጃ አስቀድማችሁ አጽፉ።

ቀጥሎ ከድሮው ተቋም ያላችሁን ገንዘብ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ሒሳብ ሒሳብ አይደለም። ዕጣው ስንት፣ መደበኛው ስንት፣ የፈቃደኝነቱ ስንት፣ ወለዱ እስከየትኛው ወር ታስቦ ተጨመረ፣ የተያዘ ዋስትና አለ ወይስ የለም የሚለው ተዘርዝሮ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ተፈርሞበትና ማኅተም ተደርጎበት ይሰጣችሁ። ይህን ወረቀት በቤታችሁ ካሉት ደረሰኞች ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ያስነብብ፤ ገንዘብ ያዡ ራሱ እንዲያነብለት ግን አያድርግ።

ልዩነት ካለ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ይታረም። «የቀረውን በኋላ እናስተካክላለን» ተብላችሁ የመጨረሻ ክፍያ መቀበያ ላይ ከፈረማችሁ የቀረው ቀረ ማለት ነው። ደግሞም የመጨረሻ ክፍያ በሚባለው ወረቀት ላይ «ከማኅበሩ ምንም ቀሪ ገንዘብ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል። ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት እስካልሆነ ድረስ ጣታችሁን በቀለም አታስነኩት።

የማውጫ ወይም የማዛወሪያ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ ለማኅበሩ ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ተጽፎበት ከእናንተ ጋር ይመለሳል። ይህች ወረቀት ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ደንባችሁ አባል ለመውጣት ከጠየቀበት ቀን ጀምሮ በተወሰነ ጊዜ ይከፈለዋል ብሎ ከሆነ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከእሷ ነው። በቃል የጠየቀ ሰው ቀኑ አይቆጠርለትም።

ክፍያው በተቻለ መጠን ጥሬ ገንዘብ አይሁን። ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ አለው፤ ከሒሳቡ ወደ አዲሱ ሒሳባችሁ እንዲያስተላልፍ ወይም በስማችሁ ቼክ እንዲጽፍ ጠይቁ። ይህ ከመንገድ ላይ አደጋም፣ «ሰጥቼሃለሁ፣ አልሰጠኸኝም» ከሚል ክርክርም ያድናል። በስልክ የሚላክ ከሆነ ከማኅበሩ ሒሳብ ወደ ራሳችሁ ስልክ ይላክ። በጸሐፊው የግል ስልክ ዞሮ የሚመጣ ገንዘብ አትቀበሉ፤ የጸሐፊው ጥሩ ሰው መሆን ነገሩን አይለውጠውም።

ሁሉንም በአንድ ቀን ማዛወር ግዴታ አይደለም። ማኅበሩ በአንዴ ለመክፈል ካልቻለና ቀሪውን በሦስት ወር ከፍዬ እጨርሳለሁ ካለ፣ የክፍያው ቀንና መጠን ተጽፎ ኮሚቴው ከፈረመበትና በቃለ ጉባኤ ከያዘው ሊቀበሉት ይቻላል። የመጀመሪያው ክፍያ ግን ለግብዓት መግዣ የሚሆነው ይሁን።

ደብተሩ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት የገባበት ከሆነ ሁለቱም ይወቁት። በብዙ ቤት በየሳምንቱ ከእንቁላልና ከቅቤ እየቀነሰች ማኅበሩ ዘንድ የምትሄደው እናት ናት፤ የማዛወሩ ቀን ግን እሷ አትጠራም። ሴቶች በራሳቸው ስም አባል የሆኑበት ደብተር ከባል ደብተር ጋር ተጠቅልሎ እንዳይዛወር ተጠንቀቁ። አዲሱ ሒሳብም በራሳቸው ስም ይከፈት፤ ወራሽም ይመዝገብበት።

በአዲሱ ቤት ምን ይጠየቃል?

ወለድን ስታወዳድሩ በእጃችሁ የሚገባውን አወዳድሩ። ባንክ ለተቀማጭ በሚከፍለው ወለድ ላይ ግብር አለ፤ ባንኩ ራሱ ቆርጦ ለመንግሥት ያስገባና ቀሪውን ይጨምርላችኋል። እናንተ ግብር ቢሮ መሄድ የለባችሁም፤ ነገር ግን በማስታወቂያ ላይ የተጻፈውና በደብተሩ ላይ የሚጨመረው አንድ እንዳልሆነ እወቁ። ማኅበሩም ከትርፍ ክፍፍላችሁ ላይ የሚቀንሰው ግብር ካለ ጠይቁ። አንዱን ከነግብሩ፣ ሌላውን ግብር ተቀንሶ ማወዳደር ኩንታልን በጣሳ እንደመለካት ነው።

ከወለድ ይልቅ ግን የብድር መብታችሁን አስቡ። ማኅበር የሚያበድረው በቆጠባችሁበት ጊዜና በቁጠባችሁ መጠን ላይ ተመሥርቶ ነው። አዲስ ማኅበር ስትገቡ ይህ ቆጠራ ብዙ ጊዜ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በመጪው ዓመት የውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም የወተት ላም በብድር ልትገዙ ካሰባችሁ፣ የቀድሞው የቁጠባ ታሪካችሁ ይታሰብላችሁ እንደሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ ማኅበር ከቀድሞው ማኅበር የብድር አመላለስ ማስረጃ ከመጣ ያስባል፤ ስለዚህ ስትወጡ ይህን ማስረጃ አጽፉ። ተጣልቶ የወጣ ሰው ይህን ወረቀት አያገኝም። በሰላም ለመውጣት ይህ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ገንዘባችሁ ከወለድ ነጻ በሆነ አገልግሎት የተቀመጠ ከሆነ አዲሱም ቤት ያው አገልግሎት ያለው መሆኑንና ቅጹ ላይ በዚያው እንደተሞላ ተመልከቱ። በቸልታ በተራው የቁጠባ ሒሳብ የተመዘገበላቸው ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች በኋላ ለማስተካከል ሲመላለሱ አይተናል።

ሞዴል አርሶ አደር ሲወጣ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እናንተ የዘራችሁትን ዘር ጎረቤት ያየዋል፤ ያጨዳችሁበትንም ቀን ያያል። ከማኅበር ያወጣችሁበትንም ቀን እንዲሁ። ሞዴል አርሶ አደር ሰኞ ገንዘቡን አወጣ ከተባለ ማክሰኞ በማኅበሩ በር ላይ ሰልፍ አለ።

ሒሳቡን እንመልከት። 200 አባላት ያሉት ማኅበር ነው እንበል። ጠቅላላ ቁጠባው 2,000,000 ብር ነው። ከዚህ 1,700,000 ብር በአባላት እጅ በብድር ላይ ነው፤ በባንክ ያለው 300,000 ብር ነው። ሠላሳ ደኅና ደኅና አርሶ አደሮች በአንድ ሳምንት እያንዳንዳቸው 10,000 ብር ቢያወጡ 300,000ው አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ለልጇ ሕክምና 4,000 ብር ለማውጣት የምትመጣ ባሏ የሞተባት እናት ባዶ ሣጥን ታገኛለች። ማኅበሩ ሊወድቅ የሚችለው ብድሩ ስለተበላሸ ብቻ እንዳልሆነ አስተውሉ። 1,700,000ው በጥር ሊመለስ ይችል ነበር። ነገር ግን ተበዳሪውም «ማኅበሩ ፈርሷል» ሲባል መክፈሉን ያቆማል፤ ለፈረሰ ማኅበር ማን ይከፍላል? ጤነኛው ማኅበር በሦስት ሳምንት በሽተኛ ሆነ።

ይህን ስንል ለሌላው ስትሉ የዘር ገንዘባችሁን አስበሉ ማለታችን አይደለም። ልጆች አሏችሁ፤ ማሳም አላችሁ። የሚያስፈልጋችሁን የፈቃደኝነት ቁጠባ በደንቡ መሠረት አውጡ፤ ማንም ሊወቅሳችሁ አይችልም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጥያቄውን በጉባኤ አንሡት። የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ደንቡ የሚጠይቀው የአባላት ቁጥር ከፈረመ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል። በዚያ ስብሰባ ኦዲቱ፣ የውዝፍ ብድሩ ዝርዝርና በባንክ ያለው ገንዘብ እንዲነበብ ጠይቁ። መቶ ብር ያለውም መቶ ሺህ ያለውም ድምፁ አንድ ነው፤ የእናንተ ጥያቄ ግን ቶሎ ይሰማል። ሁለተኛው በኮሚቴ ውስጥ ያላችሁትን ይመለከታል። የሥራ አመራር፣ የብድር ወይም የተቆጣጣሪ ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው የሣጥኑን መጉደል ከአባላቱ በፊት ያውቃል። ያንን አውቆ ለጉባኤ ሳይናገር የራሱን ገንዘብ ማውጣት፣ በእኔ ግምት፣ ደንቡ በግልጽ ባይከለክለውም የአባላትን ገንዘብ ከማጉደል የራቀ አይደለም።

ለጎረቤት ስትነግሩም የምታውቁትን ያህል ንገሩ። «የሁለት ዓመት ኦዲት የለውም፤ እኔ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ» ማለት መረጃ ነው። «ወድቋል፣ ነገ አትደርሱበትም» ማለት ግን እሳት መለኮስ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ መንገድም አለ። አባል አንድ በአንድ ከሚወጣ ማኅበሩ ራሱ ሊዛወር ይችላል። ሕጉ አንድ ማኅበር ከሌላ ማኅበር ጋር እንዲዋሃድ ይፈቅዳል። በአቅራቢያ ቀበሌ ኦዲቱ የተጣራ፣ አመራሩ የታመነ ማኅበር ካለ፣ የሁለቱም ጠቅላላ ጉባኤ ከተስማሙ ቁጠባውም፣ ብድሩም፣ ዕዳውም ተቆጥሮ አንድ ላይ ይሻገራል። በዚህ መንገድ ባሏ የሞተባት እናት 4,000 ብር አትቀርም፤ ተበዳሪውም የሚከፍለው ሕያው ማኅበር ይኖረዋል። ማኅበሩ የዩኒየን አባል ከሆነም ዩኒየኑ የክረምቱን ክፍተት በብድር መሸፈን ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። ይህ ሥራ ከአንድ ሰው ማመልከቻ ይልቅ ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የተበላሸ ብድር የበዛበትን ማኅበር ደግሞ ጤነኛው አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ በሽታው ሳይጠና ነው መጀመር ያለበት።

ቢከለከሉስ?

ማመልከቻው ገብቶ፣ ደንቡ የሚለው ቀን አልፎ፣ ምክንያትም በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ መጀመሪያ ለተቆጣጣሪ ኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቡ። ቀጥሎ የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የማመልከቻውን ቅጂ፣ የሒሳብ መግለጫውንና የደብተሩን ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልዩ ኦዲት እንዲደረግም ጠይቁ። በማኅበርና በአባል መካከል የሚነሣ ክርክር መጀመሪያ በዕርቅ፣ ካልሆነ በሽምግልና ዳኝነት እንዲታይ የኅብረት ሥራ ሕጉ መንገድ አበጅቷል። ከዚህም ያለፈ ይግባኝ አለ። ጉዳዩ የባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ከሆነ ቅርንጫፉ ካልመለሰ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ለብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ይቀርባል። ገንዘብ ጠፍቶ፣ ደረሰኝ ተሰርዞ ከተገኘ ግን ይህ የወንጀል ጉዳይ ነው፤ ለፖሊስ ይመለከታል፣ በሽማግሌ የሚሸፈን አይደለም።

በዚህ ሁሉ መሐል የድሮውን ደብተር አትመልሱ። «ደብተሩን አምጡና እንዝጋው» ቢሏችሁ እንኳ የመጨረሻው ብር አዲሱ ሒሳብ ላይ መግባቱን ሳታዩ ከእጃችሁ አይውጣ። ከተመለሰም በኋላ ፎቶ ኮፒው፣ ደረሰኞቹና የመልቀቂያ ወረቀቱ ለጥቂት ዓመታት በአንድ ፖስታ ይቀመጡ።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሥራ

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ የቁጠባ ደብተራችሁን፣ በቤት ያሉትን ደረሰኞች ሁሉና ከተገኘ የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ይዛችሁ ኑ። አራት አራት ሆነን ደብተሩን ከደረሰኙ ጋር እናስተያያለን፤ በየደብተሩ ላይ ዕጣው፣ መደበኛው፣ የፈቃደኝነቱና የተያዘው ዋስትና ስንት እንደሆነ ለይተን በወረቀት እንጽፋለን። ዋስ የሆነ ሰው የተበዳሪውን ቀሪ ዕዳ ጠይቆ ይምጣ። ባለትዳሮች ከተቻለ ሁለታችሁም ኑ፤ ሁለት ደብተር ካለም ሁለቱንም አምጡ።